የአመተሥላሴ ስም

ጌጡ ጫኔ አንድ በሽታ ነበረበት፤ ስሙን ሲጠይቁት ማቆም አያውቅም። ሌላው ሰው «እገሌ ነኝ» ብሎ ዝም ይላል። እሱ ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ ያደርግና «ጌጡ የጫኔ ልጅ፤ ጫኔ የወዳጆ፣ ወዳጆ የገብረየሱስ፣ ገብረየሱስ የአመተሥላሴ፣ አመተሥላሴ የአቤቶ ዘወልድ!» ይላል፣ ባንድ ትንፋሽ። ዘወልድ ላይ ሲደርስ ድምፁም አገጩም ከፍ ይላል። መንገደኛ እንኳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ውሃ ቢለምን አቤቶ ዘወልድን ሳይሰማ ውሃ አይቀምስም። ሚስቱ ዘነበች እንዝርቷን እያሾረች «ኧረ ሰውየው ውሃ ጠምቶታል!» ትላለች።

ይህ ታሪክ ግን የጌጡ አይደለም፤ የዘነበች ነው። ጌጡማ አፉን ከፍቶ ገባበት እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ የወደቀው በሷ ላይ ነው።

ዘነበች የተወለደችው ከጓሳ ተራራ ሥር ነው፤ ጉሙ በጠዋት ወርዶ እስከ እኩለ ቀን ከማይነሣበት አገር። ቀየት ከሚባለው መንደር አጠገብ ለጌጡ የተዳረችው ገና በልጅነቷ ነው። የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ በሷ ፈትል የተሠራ የባና ብርድ ልብስ ገበያ ላይ አያድርም። ፈሪም ናት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። መብረቅ ትፈራለች፣ ጅብ ትፈራለች፣ ገደል አፋፍ አትቆምም፣ ሹም መጣ ሲባል እግሯ ይተሳሰራል። ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው ግን ውግዘት ነው። ጌጡ አንድ ቀን ለቀልድ ብሎ «ውሸቴን ከሆነ ውጉዝ ልሁን» ቢላት፣ ለነፍስ አባቱ ሄዶ እስኪናገር ድረስ አኩርፋው ሰንብታለች።

የጌጡ ቆጠራም ባዶ ጉራ አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር። በዚያ አገር መሬት የሚገኘው በመቁጠር ነበር። መጀመሪያ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥሮ የደረሰ ሰው ድርሻ አለው፤ መሀል ላይ አንድ አያት የጠፋበት እጁን አጣጥፎ ይመለሳል። ልጅ አፉን ሲፈታ፣ እማዬ አባዬ ከማለት ቀጥሎ የሚማረው ይህንኑ ነው። ክርክር ሲነሣ ደግሞ ዳኛው የሚካኤል ወንጌል ነው።

በሚካኤል ግቢ እቃ ቤት የምትባል የድንጋይ ቤት አለች፤ መጻሕፍቱ፣ ጽናጽሉ፣ ልብሰ ተክህኖው የሚቀመጡባት። እዚያ ያለው ትልቁ የብራና ወንጌል ዳር ዳሩና ባዶ ቅጠሉ ሁሉ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ አባት ለልጁ የቱን መሬት እንዳካፈለ ተጽፎበታል። ዘሩን የሚፈልግ ሰው ሽማግሎች ይዞ ይመጣል። ቄሰ ገበዙ ጾሞ መጽሐፉን ያወጣል፤ ያነባል። ጠያቂው ደጃፍ ቆሞ ይሰማል እንጂ መጽሐፉን አይነካም፣ ገጹንም አያይም። ንባቡ ባበቃ ቁጥር ካህኑ ከሥር የተጻፈችውን ውግዘት ይደግማል፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። ግዕዝ የማይሰማ ባላገር ሁሉ ይቺን አሳምሮ ያውቃታል። የጌጡ አባት ጫኔ ድሮ በአንድ ክርክር ወንጌሉን አስከፍቶ፣ አመተሥላሴ የዘወልድ ልጅ መሆኗ ሲነበብ በጆሮው ሰምቶ፣ ረትቶ ተመልሷል። ለጌጡ ያወረሰውም ያንኑ ነው።

አብዮቱ መጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ እርሻው እንደገና ተከፋፈለ። ቆጠራው ሥራ ፈታ። ሌላው ሰው ነገሩ ገብቶት ዝም አለ። ጌጡ ግን ወይ ፍንክች! ዘነበች «አሁን ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብትለው፣ «መሬቱን ይውሰዱት፤ ዘወልድንም ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?» ይላታል።

ነገሩ የከፋው ግራዝማች አበጋዝ የተባለው ያገሩ ባላባት ጠመንጃውን ይዞ ቆላ የወረደ ጊዜ ነው። አበጋዝ ከዘወልድ ወንድ ልጅ፣ ከዓምደ ሚካኤል ይወርዳል። መንግሥት እሱን ማግኘት ሲያቅተው ዘመዶቹን ማንሣት ጀመረ። የእህቱን ልጆች፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ገብስ እየወቁ ሳሉ ከአውድማ ላይ ወሰዷቸው። የት እንደገቡ የሚያውቅ ጠፋ። እናታቸው ድንኳን ጥላ ላልቅስ ብትል «ለሽፍታ ነው የምታለቅሺው?» ተባለች። ከዚያ ወዲህ የዘወልድን ስም የሚያነሣ የለም። በየቤቱ ሰው ልጁን «ቅድመ አያትህ ማን ነው ቢሉህ አላውቅም በል» ማለት ጀመረ። ያ አገር እንዲህ ያለ ምክር ለልጅ ሲመከር ሰምቶ አያውቅም!

በሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ አንድ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፤ ከከተማ ይዞት የመጣው ካፖርት ብርዱን አልመከተለትም መሰለኝ፣ አፍንጫው ቀልቷል። ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰበና «አባላት ትመዘገባላችሁ፤ ስምና የአባት ስም ብቻ» አለ። ወንዶቹ ተራ በተራ እየተነሡ ይናገራሉ፤ ስምና የአባት ስም፣ ቁጭ። ዘነበች ከሴቶቹ ጋር ሆና የባሏን ጀርባ ታያለች። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ አስጠንቅቃዋለች። «በሞቴ ጌጡ፣ ጌጡ ጫኔ ብለህ ተቀመጥ» ብላዋለች። እሱም «ምን፣ ሕፃን ነኝ?» ብሏታል።

ተራው ደረሰ። ተነሣ። ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ አደረገ።

«ጌጡ የጫኔ ልጅ» አለ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፤ አበቃ ብሎ ነው። «ጫኔ የወዳጆ፣ ወዳጆ የገብረየሱስ፣ ገብረየሱስ የአመተሥላሴ፣ አመተሥላሴ የአቤቶ ዘወልድ!»

አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ሳይታወቃቸው ፈንጠር ፈንጠር አሉ። ለነገሩ እሱ ራሱ ክፋት አስቦ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያለው ነገር ነው፣ አፉ ለምዶታል፣ ወጣ።

ካድሬው መነጽሩን ከፍ አደረገ። «ዘወልድ አልክ? የሽፍታው የአበጋዝ ዘወልድ?»

አሁንም መዳኛ ነበረው። ሌላ ዘወልድ ነው ቢል፣ ተሳስቼ ነው ቢል፣ ያ ሁሉ ነገር ባልመጣ። ሆኖም የተጠራጠሩት መሰለውና ደሙ ፈላ። «ዘወልድ ስንት አለና ነው! ካላመንክ የሚካኤል ወንጌል ላይ ተጽፏል፤ አስነብበው!»

ወይ ጌጡ! ዘነበች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች፤ ጩኸቷ እንዳያመልጣት።

«ጥሩ» አለ ካድሬው፣ ረጋ ብሎ። «ለቅዳሜ ስብሰባ መጽሐፉ ይመጣል፤ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ዘመድህ ከሆነ ዘመዶቹ ወደሄዱበት ትሄዳለህ።» ሁለት ጥበቃዎች የጌጡን ክንድ ያዙ። ግራዝማቹ ትቶት የሄደው ትልቅ ጎተራ እስር ቤት ሆኖ ነበር፤ እዚያ አስገቡት።

በማግስቱ ዘነበች ቆሎና ጠላ ይዛለት ሄደች። በእንጨቱ ክፍተት ያየችው ሰው ሌላ ሰው ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ጣቱን በክፍተቱ አውጥቶ ጣቷን ያዘ። «ምን አደረግሁ፣ ዘነበች? ምን አደረግሁ?» አላት በሹክሹክታ። «አመተሥላሴ መጽሐፉ ላይ አለች። አባቴ በጆሮው ሰምቷል። ሊገድሉኝ ነው።» ጥበቃው «በቃ!» አለ። ዘነበች ስትመለስ መንገዱ አልታያት አለ፤ ሁለት ጊዜ እንቅፋት መታት። ቆማ ለማልቀስ እንኳ ፈራች፤ ማን እንደሚያያት አታውቅማ።

ቤት ገብታ ልጇን ኮከቤን ጎረቤት ላከቻትና ተቀመጠች። ምን ማድረግ ይቻላል? ለካድሬው እግሩ ላይ ብትወድቅ? የወንድማማቾቹ እናት ወድቃለች፤ ምን አገኘች? ሽማግሌ ትላክ? ማን ከዘወልድ ቤት ሰው ጎን ቆሞ ሊታይ ይወዳል? ጌጡን የያዘው መጽሐፉ ነው። መጽሐፉን ደግሞ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ መምሬ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ከሳጥን ውስጥ የልጇን ጠጉር የምትላጭበትን ምላጭ አወጣች። ለምን እንዳወጣችው ለራሷም አልነገረችም፤ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

በማግስቱ አገሬው በሙሉ የማኅበሩን ገብስ ለማጨድ ወጣ። እሷ ሆዴን አሞኛል አለችና ቀረች። ጉሙ ስላልተነሣ መንገዱ ላይ ሰው አላገኛትም። መምሬ ወልደ ጻድቅ እቃ ቤት ደጃፍ ብቻቸውን ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ሲያዩዋት ለምን እንደመጣች ገባቸው፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ሂጂ። ምንም ማድረግ አልችልም።»

«መምሬ፣ ይደብቁልኝ። ጠፋ ይበሉ፣ አይጥ በላው ይበሉ።»

«ትናንት ካድሬው ራሱ መጥቶ መኖሩን አይቷል፤ አልገለጠውም እንጂ። ይህ መጽሐፍ ከዚህ ቢታጣ የምትታጣው አንተ ነህ አለኝ፤ እኔን፣ በሽምግልናዬ።» እሳቸውም እንደሷ ሰው ናቸው፤ ይፈራሉ።

«እንግዲያው ስሟ ይጥፋ» አለች ዘነበች።

መምሬ አማተቡ። «ምን አልሽ?»

«አመተሥላሴ ትጥፋ። እሷ ከሌለች ጌጡ ከዘወልድ አይገናኝም።»

«አንቺ ሴት፣ ውግዘቱን አታውቂውም? ሥልጣነ ክህነቴ በዚህ እጅ ላይ ነው፤ በዚህ እጅ ልፋቅ? ደግሞስ አመተሥላሴ የጌጡ ብቻ ናት? ያገሩ እኩሌታ ከሷ የወረደ ነው፤ የሁሉንም ሥር ልትነቅይ ነው?»

«ዘንድሮ ያ ሥር ማንን ጠቀመ፣ መምሬ? ቢጠፋ ለሁሉም መትረፊያ ነው» አለች። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። «እርስዎ አይፋቁ። እርስዎ ክህነት አለዎት፤ እኔ ምን አለኝ? ቦታውን ብቻ ያሳዩኝ። ማንበብ ስለማልችል ነው እንጂ አልጠይቅዎትም ነበር።»

ከጉሙ ውስጥ የአጫጆቹ ዘፈን ይሰማል፤ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ሽማግሌው ተነሡና ገቡ። መጽሐፉን ከነማኅደሩ አምጥተው ደፉ ላይ አኖሩት፤ ገለጡት። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ከዚህ፣ እስከዚህ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመሩ።

ዘነበች መጽሐፍ በእጇ ስትነካ የመጀመሪያዋ ነው። ብራናው ቀዝቃዛ ነው፤ የቆዳ ሽታ አለው። ፊደሎቹ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩዋት መሰላት። ከሥር ያለችው አጭር ጽሑፍ ውግዘቷ መሆኗን ማንም ሳይነግራት ገባት። «ሚካኤል ይቅር በለኝ፤ በልጄ አታድርገው፣ በኔ ላይ አድርገው» አለችና ምላጩን አሳረፈች። ድምፅ አለው ለካ! ጭር ጭር ይላል፤ አገር የሚሰማው እየመሰላት በየመሀሉ ታቆማለች። ቀለሙ እንደ ጥላሸት እየተነሣ ጥፍሯ ውስጥ ገባ። እያለቀሰች ፋቀች። አመተሥላሴ የምትባለውን ሴት ታዝንላት ጀመር፤ ይቺ ሴትም ወልዳለች፣ ገብስ ፈጭታለች፣ በዚህ ብርድ ኖራለች።

ሲያልቅ ሁለቱም ያዩትና ደነገጡ። የተፋቀው ቦታ ነጭ ሆኖ ይጮኻል። ዕውር እንኳ ያየዋል። «ጠፋን!» አለች ዘነበች። መምሬ ወልደ ጻድቅ ወደ ውስጥ ገቡ፤ የበራ ጧፍ ይዘው ወጡና ምንም ሳይሉ አጠገቧ አቆሙት። ተመልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ጨለማ ሲሆን በጧፍ ነው የምናነበው» አሉ፣ ለግድግዳው። «ሁልጊዜ ይንጠባጠባል።» ገባት። ጧፉን ዘንበል አድርጋ ሰሙን ነጩ ቦታ ላይ አንጠባጠበች፤ ጥላሸት በጣቷ ለወሰችበት። ገጹ ላይ ሌሎችም ያረጁ የሰም ጠብታዎች ነበሩ፤ ከነሱ ጋር ተመሳሰለ። ሰው ፈልጎ ካላየው አይለይም። ፈልጎ የሚያይ ደግሞ መጥቷል፤ ችግሩ ያ ነው።

እስከ ቅዳሜ እህል በአፏ አልዞረም። የአመተሥላሴን ትቼ የሌላ ሰው ስም ፍቄ እንደሆነስ? መምሬ በድንጋጤ ጣታቸው ስቶ እንደሆነስ? ደግሞም ይቺ ሐሳብ መጣችባት፤ ጌጡ ራሱ ተነሥቶ «ውሸት ነው፣ አመተሥላሴ አለች!» ብሎ ቢጮህስ? ያደርገዋል፤ ታውቀዋለች። ሄዳ ልትነግረው ፈለገች፤ ግን ጥበቃው ከአጠገባቸው አይጠፋም። ጌጡ ቢሰማም ነገር በሆዱ አያድርም፤ ነጻ በወጣ ማግስት ጠላ ቤት ተቀምጦ ያወራዋል። ስለዚህ አልነገረችውም።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ጌጡን ከጎተራው አምጥተው ፊት ለፊት አቆሙት። መምሬ ወልደ ጻድቅ መጽሐፉን ታቅፈው መጡ። ካድሬው ተቀበላቸውና ገጹ የት እንደሆነ ጠየቀ፤ ገለጡለት። ራሱ ያነብ ጀመር፤ ጽሕፈቱ የድሮ ስለሆነ ዐረፍ ዐረፍ ይላል።

«ዘወልድ… ለልጆቹ አካፈለ። ለወልደ አማኑኤል… ከዋርካው በላይ። ለዓምደ ሚካኤል… ከገደሉ እስከ… እስከ ምንጩ።»

አቆመ። ካድሬው መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ጣቱን ሰሙ ላይ አሳረፈ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው» አሉ መምሬ። «የጧፍ ሰም ነው። ስናነብ ይንጠባጠባል።»

ካድሬው በጥፍሩ ጫር አደረገው። ከሰሙ ትንሽ ተፈርፍሮ ወደቀ። ዘነበች አሁን አበቃ አለች በልቧ፤ ዓይኗን ጨፈነች። መቀነቷን ይዛ ጨመቀች፤ ምላጩ እዚያው መኖሩን ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው። ቢፈትሿትስ?

«ያገር ቅርስ እንዲህ ነው የምትይዙት?» አለ ካድሬው፣ ጣቱን ካፖርቱ ላይ እየጠረገ። «ሰም አንጠባጥባችሁበት፣ ቅባት ቀብታችሁት! እናንተ ቄሶች!» ቀጣዩን መስመር አነበበ፤ ስለሌላ ሰው መሬት ነው። መልሶ ከላይ ጀምሮ አየ። «አመተሥላሴ የምትባል ልጅ የለችውም» አለ። ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሎች ሁሉም የአመተሥላሴ ዘር ናቸው። ሁሉም ያውቃሉ፤ አባቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ዘነበች አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ አፉን ቢከፍት ያልቃል። አንደኛው ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ። «ጌታዬ፣ እኛ ካፍ የሰማነው ነው። የሚያውቀው መጽሐፉ ነው፤ እሱ ካላለ እኛ ምን እንላለን» ብሎ ተቀመጠ። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። በዚያ ዓመት የማንም ልጅ አለመሆን በረከት ነበር።

ቀረ ጌጡ። አፉን ከፈተ። ዘነበች ታየዋለች፤ ዝም በል፣ ዝም በል፣ ስለ ልጅህ ዝም በል ትላለች በልቧ። ጌጡ መጽሐፉን አየ። መምሬን አየ፤ መምሬ መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ የሚካኤል ወንጌል ይዋሻል ብሎ ግን ጌጡ ስንኳን ሊናገር ሊያስብም አይችልም። አፉን መልሶ ገጠመ። ትከሻው ወረደ፤ ጋቢው ተንሸራቶ መሬት ነካ፣ አላነሣውም።

«እንግዲህ ጓድ ጌጡ» አለ ካድሬው ፈገግ ብሎ፣ «ከባላባት ዘር አይደለህም። ጭቁን ገበሬ ነህ። እንኳን ደስ ያለህ! ከእንግዲህ ባልሆንከው አትኩራ።» ሕዝቡ አጨበጨበ። የሚያጨበጭበው በደስታ ይሁን በፍርሃት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ዘነበችም አጨበጨበች፤ እጇ የሷ አልመስል ብሏት።

ጌጡ በሕይወት ወደ ቤቱ ገባ። እሷ ይህን ነበር የለመነችው፤ ተሰጣት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ዘነበች ቅጥሩ በር ላይ ስትደርስ እግሯ አልፈቅድ አለ። «ግቢ እንጂ» አላት። «አንተ ግባ፤ እኔ ከዚህ ልሳለም» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከበሩ ውጪ ቆማ ታስቀድሳለች። ብርድ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን። ሰው ሲጠይቃት ወገቤን ነው ትላለች። መምሬ ወልደ ጻድቅ ሲያልፉ መስቀላቸውን ዘርግተው ያሳልሟታል፤ አይነጋገሩም።

ጌጡ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። ስምህ ማን ነው ሲሉት «ጌጡ» ይላል፤ ያበቃል። መንገደኛ ውሃ ሲለምን ቶሎ ያጠጣዋል። በማኅበር ጽዋ ላይ፣ ድሮ ከላይ ከሽማግሎቹ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው፣ አሁን በሩ ሥር ይቀመጣል። ዘነበች ዝምታውን ስትናፍቀው የኖረች ሴት፣ ያ ጩኸት ናፈቃት። አንዳንዴ «ምነው ዝም አልክ?» ትለዋለች። «ምን ልበል?» ይላታል።

ዓመታት አለፉ፤ ካድሬው ተቀየረ፣ ሌላው መጣ፤ ፍርሃቱ እንዳለ ነው። ኮከቤ ለትዳር ደረሰች። ሽማግሎች መጡ። ከማጨታቸው በፊት እንደ አገሩ ሥርዓት ዝምድና ይጣራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። የልጁ ወገን ቆጠረ። ተራው የጌጡ ሆነ። ዘነበች ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

«ጌጡ ጫኔ» አለ። «ጫኔ የወዳጆ… ወዳጆ የገብረየሱስ ነው ይሉኝ ነበር።» ቆመ።

«ገብረየሱስስ?» አሉ ሽማግሎቹ።

«ከዚያ በላይ አላውቅም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ያ አንድ ትንፋሽ የሚበቃው የነበረ ሰው! ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩና «እኛው አጣርተን እንመለሳለን» ብለው ተነሡ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጌጡ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ዘነበች ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዘነበች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «አባቴ ዋሽቶኝ ነው አይደል?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አልዋሸህም፤ አመተሥላሴ ነበረች፤ እኔ ነኝ የፋቅኋት ብትለው ይህ ሰው እዚሁ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስ ያደርጋል። ከዚያስ? ከዚያ ነገውኑ አደባባይ ላይ ይናገረዋል። መምሬ ወልደ ጻድቅ አሁንም አሉ። ጎተራውም አሁንም ሰው ይገባበታል።

«ዋሽቶህ ነው» አለችው።

«ለመሬት ብሎ ነው» አለ ጌጡ።

«ለመሬት ብሎ ነው።»

ጌጡ ራሱን ነቀነቀ። አማተበና «ይሁን፤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበለው» አለ።

ዘነበች አሜን አለች።